አባትሽ ዝቅ ብሎ ያላየበት ቀን

ጅጅጋ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለናዝሬት፣ ሐርጌሳ

ናዝሬቴ፣ እንዴት ነሽ? ባልሽ ማሃድስ ደህና ነው? ስልኬን እንደማታነሺ ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ ለእኅቱ ለነስራ ሰጥቻታለሁ፤ በቶጎጫሌ ድንበር ስታልፍ በእጇ ታደርስልሻለች። የእናትሽን ጽሕፈት ስታዪ እንዳትቀዳድጂው። ታውቂኛለሽ፣ በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም፤ ከሰኞ ወዲህ ግን ደንግጫለሁ።

ሰኞ ወንድምሽ ኃይለልዑል እኔንና አባትሽን አዲስ አበባ ሆስፒታል ወስዶን ነበር። አባትሽ ፓርኪንሰን የሚሉት የነርቭ በሽታ ነው ተብሎ ሁለት ዓመት ኪኒን ሲውጥ ከረመ፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ይባስ ብሎ ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ ይወድቃል። የሰፈሩ ሰው በስተርጅና መጠጥ ጀመረ እያለ አማው። ወጡን ደረቱ ላይ ሲያፈስ እኔም “ሰውዬ፣ ሳህኑ ከፊትህ አይደል እንዴ!” እያልኩ እጮህበት ነበር። ምላሴን ይቁረጠው።

እዚያ ኤም አር አይ ታዘዘለት። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ያን ሁሉ ኳኳታ ችሎ ሲወጣ፣ “የቶጎጫሌ መንገድ ሲሠራም እንዲህ ነበር የሚጮኸው” አለ። ሳቅን። ከዚያ ዶክተር አይዳ የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ሁለት የአንጎል ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችን፤ አንዱ ፓርኪንሰን የያዘው የሌላ ሰው፣ አንዱ የአባትሽ ነው።

“ሁለቱን ሰዎች መንገድ ላይ ቢያዩአቸው አይለዩም” አለችኝ። “ሁለቱም ይጎተታሉ፣ ሁለቱም ይገተራሉ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው” ብላ የአንጎሉን መካከል በእስክሪብቶ ነካችው። የሰውየው ወፈር ብሏል። የአባትሽ ሟሽሿል፤ በጎን ሲታይ የወፍ ራስ ይመስላል። ቀጥላ ግንባሩን በእጇ ያዝ አድርጋ፣ “አባባ፣ ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ እስክሪብቶዬን በዓይንዎ ይከተሉ” አለችው። ወደ ጎን ተከተለ። ወደ ታች ስታወርደው ዓይኑ ባለበት ቀረ።

“እማማ፣ በሽታው ፓርኪንሰን አይደለም፤ እሱን የሚመስል ሌላ ነው። ዓይንን ወደ ታች የሚያዘው ቦታ ተጎድቷል፣ አንገታቸውም ደርቋል። ዝቅ ብለው ማየት አይችሉም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከነገሩኝ አወዳደቅ ስነሣ፣ ሦስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።”

ናዝሬት፣ ክው አልኩ። የዛሬ ሦስት ዓመቱ ሠርግሽ ነው ፊቴ የተደቀነው። ከቤት ልትወጪ ስትይ ተንበርክከሽ ጉልበቱን ሳምሽ፤ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይንሽን እያየ እንዲመርቅሽ ጠበቅን። እሱ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ዝም አለ። ፈቅጃለሁ ያለው ለይሉኝታ ነው፣ ሙስሊም ማግባቷ አንገብግቦታል ብለን ፈረድንበት። አንቺ እያለቀስሽ ተነሣሽ። በር ላይ ደርሼ “አባትሽ ፊቱን ነሥቶሻል፤ ሁለተኛ እንዳትመጪ” ያልኩሽ እኔ ነኝ። እሱ እንዲህ በያት አላለኝም። ከራሴ አውጥቼ ነው ያልኩሽ።

እዚያው ሐኪሟ ፊት ዞሬ፣ “ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት። አሁን አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ይቆያል።

“ነግሬሻለሁ” አለኝ። “ድምጿን ሰማሁ፣ ፊቷን ፈልጌ አጣሁት። ልመርቃት አፌን ስከፍት ሄደች አልኩሽ። ሰበብ አትፍጠር አልሽኝ።”

ልጄ፣ እውነቱን ነው። ብሎኛል። በሠርግሽ ማግስት፣ ሰሃን እያጠብኩ ሳለ ነበር የነገረኝ፤ ዞር ብዬም አላየሁት። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር አኩርፌው ኖርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም መቻሌን እንጃ። አንቺን ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም፣ ግን ይቅር በይኝ።

ለዚህኛው በሽታ ኪኒኑ እምብዛም አይረዳም አሉን። ምን ያህል ጊዜ እንዳለው ሐኪሟን ለብቻዋ ጠይቄያታለሁ። የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ለፋሲካ እመጣለሁ እንዳትይ። በዚህ ሳምንት ነይ፤ ማሃድንም ይዘሽው ነይ፣ አባትሽ ስሙን ጠርቶ ደህና ነው ወይ ብሎኛል።

ማሃድ በሚሰግድበትም እኔ በምሳለምበትም የሚመለከታችሁ አንድ አምላክ መንገዳችሁን ያቅና፣ ቤታችሁን ይሙላ።

ስትገቢ ጉልበቱን ልስም ብለሽ እንዳትንበረከኪ። ወንበር ሳቢና ፊት ለፊቱ፣ ከዓይኑ ትክክል ተቀመጪ። ምርቃቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ እስኪጨርስ ድረስ አትነሺ።

እናትሽ
ወለተሐና