እምዬን ከቆላ ያወጣሁበት መኪና

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ትርንጎ፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ማለት ያስቸግርሻል? ጋሼ አስገዶምስ እንደምን ናቸው? ልጆቹስ? ዱቄቱና ውሃውስ ይገኛል? እዚህ ስለ አስመራ የሚወራው ብዙ ነው። የቱን አምነን የቱን እንደምንተው ስለቸገረን፣ ከዚያ የመጣ ሰው ባገኘን ቁጥር ወሬውን ትተን ፊቱን እናያለን፤ ከስቶ እንደሆነ እናንተም የከሳችሁ ይመስለናል። እኔ፣ ወይንሀረግና ልጆቹ በሕይወት አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። «ደኅና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር ባነሳ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እምዬ ያለችው እኔ ዘንድ ነው። እዚሁ ልደታ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተኝታለች። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ እንጂ፣ ለአንቺ እንዳልጽፍ ራሷ ከልክላኛለች። «ልጄ መምጣት በማትችልበት ቦታ ተቀምጣ ምን ልታደርገው ትነግራታለህ?» ነው የምትለኝ። እኔ ግን ብቻዬን መሸከም አቃተኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በዐቢይ ጾም መካከል ከአገር የመጣ ሰው፣ እናታችሁ ሆዷ እየተነፋ ነው፣ እህል አልወርድ ብሏታል አለኝ። የኛን አገር መንገድ ታውቂዋለሽ፤ ከለሚ አፋፍ በታች የሚያወርደው የበቅሎና የሰው እግር ነው። በቅሎ ላይ እንዳትቀመጥ አቅም የላት፣ በቃሬዛ ያን ሁሉ አቀበት እንዳያወጧት ከመንገድ ትቀራለች ብለው ፈሩ። እኔም ተጨንቄ ስዋልል፣ ለመሥሪያ ቤታችን ለውሃ ጥናት የሚሆኑ አዳዲስ ቶዮታዎች መጡ። አራቱም ጎማ የሚስብ፣ ገደል የሚወጣ ነው ተባለ። አንደኛው ለእኔ ተሰጠኝ። እታለም፣ ያን ዕለት እግዚአብሔር ለእምዬ ብሎ የላከው መሰለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌ ፔጆ ስነዳ ለኖርኩት ለእኔ ግን መኪናው እንግዳ ነበር። ማርሹ ሁለት ነው። ረጅሙ እንደማንኛውም መኪና ነው፤ ከጎኑ ያለችው አጭሯ አራቱም ጎማ እንዲስብ የምታደርገው ናት። እሷን መሳብም ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያ ወርዶ የሁለቱን የፊት ጎማዎች እምብርት በእጅ ጠምዝዞ መቆለፍ ያስፈልጋል። ያስተማረኝ ሚደቅሳ የሚባል፣ ቦረና ሲመላለስ የኖረ ነባር ሾፌር ነው። ሱሉልታ ረግረግ ውስጥ አስገባኝና ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ አጭሯን ማርሽ ስቤ ቤንዚን ብሰጥ፣ ብሰጥ፣ የኋላ ጎማዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው ተቀበሩ። የፊቶቹን መቆለፍ ረስቼ ኖሯል። ሚደቅሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስንመለስ ደግሞ አስፋልት ላይ ማላቀቁን ረስቼ፣ ለመታጠፍ ስሞክር መሪው ታገለኝ፤ መኪናው እንደ እልኸኛ በሬ አንገቱን አላዞርም አለ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ቁልቁለቱ ነበር። ሚደቅሳ አንድ ቀጥ ያለ ገመገም ጫፍ ላይ አቆመኝና «በዝቅተኛው ማርሽ አስገባና እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንሳ» አለኝ። አላነሳሁም። «ፍሬን ስትይዝ ጎማው ይቆምና እንደ ሳሙና ያንሸራትትሃል። ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድሃል፤ እመነው» አለኝ። ሰው ገደል እያየ እግሩን ከፍሬን እንዴት ያነሳል? ላብ አጠመቀኝ። ኋላ ተናደደና «ከተማ ውስጥ ለምትነዳ ሰውዬ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሃል?» ሲለኝ ስለ እምዬ ነገርኩት። «እንግዲያው ነገም እንመለሳለን» አለኝ። ተመላለስን። እግሬም ቀስ በቀስ አመነ።

ከፋሲካ በኋላ የክፍላችን ኃላፊ ኢንጂነር ተሰማ ለሚ ላይ ምንጭ የሚያዩበት ሥራ መጣ። ነገሩን ሳስረዳቸው «እኔ እዚያ ስሠራ አንተ ውረድና እናትህን አምጣ» አሉኝ። በዳግማይ ትንሣኤ ማለዳ ተነሳን። እሳቸውን ለሚ አውርጄ ብቻዬን ወደ ቁልቁለቱ ገባሁ። የበልጉ ዝናብ አፈሩን አላቁጦት ነበር። የአጎታችን ልጆች ከፊት ከፊቴ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ እኔ እግሬን ከፍሬኑ አንስቼ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በላይ እስካለው ሜዳ ወረድኩ። አባታችን በተቀበረበት ደብር አጠገብ መኪና ሲቆም ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

እምዬን በቃሬዛ ወደ ሜዳው አመጧት። እጇ እንጨት ሆኗል፤ ሆዷ ብቻ ነው ያለው። መኪናው አጠገብ ስትደርስ «አቁሙኝ» አለች። «ከአባትህ አጥንት አርቀህ ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ። ታክመሽ ትመለሻለሽ፣ በዚሁ መኪና እኔው ራሴ እመልስሻለሁ አልኳት። «ማል» አለችኝ። አቦን ብዬ ማልኩላት። ከዚያ በኋላ ነው የገባችው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሲወጣ ዓይኗን ጨፍና «አቦዬ፣ አቦዬ» ስትል ቆየች። አፋፉ ላይ ስንደርስ ገለጥ አደረገችና «አባትህ ይህን አይቶ ቢሆን በቅሎውን ይሸጥ ነበር» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ኢንጂነሩ ካፖርታቸውን አጥፈው ከራሷ ሥር አደረጉላት።

ልደታ የደረስነው ለበዓሉ ዋዜማ ነው። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲበላ እኛ እሷን ተሸክመን ገባን። ጎረቤታችን ዙሃራ የኔ እናት ናቸው ብላ እግሯን አጠበቻት። እኔ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅሽም።

ሐኪሞቹ አገላብጠው አዩዋት፣ ውሃውን ከሆዷ ቀዱላት፣ መልሶ ሞላ። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም ወደ ውጭ ጠራኝና ጉበቷ ነው፣ ጊዜው አልፏል፣ ቢላዋ አያድናትም፣ ወስዳችሁ አሳርፏት አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲነግረኝ ትከሻዬን ይዞ ነው። ለእሷ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ስገባ፣ ፊቴን አየችና «እንግዲያው መልሰኝ» አለችኝ። ኢንጂነር ተሰማም፣ ሰኔ እንደገባ ወደ ለሚ ስለምንመለስ ያን ጊዜ ትወስዳታለህ ብለው ቃል ሰጡኝ።

ከግንቦቱ ነገር በኋላ ግን ሁሉም ተለዋወጠ። አዲሶቹ መኪኖች ለዘመቻ ስለሚፈለጉ ከነትርፍ ጎማቸው አስረክቡ ተባለ። የእኔን ወስጄ ግቢው ውስጥ አቆምኩት። የሚረከበው ሃምሳ አለቃ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከባድ መኪና እንጂ እንዲህ ያለውን ነድቶ አያውቅም። አሳየው ተባልኩ። የፊት ጎማዎቹን እንዴት እንደሚቆልፍ፣ አጭሯን ማርሽ መቼ እንደሚስብ፣ አስፋልት ላይ ማላቀቁን እንዳይረሳ፣ ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬኑ እንዲያነሳ፣ ሁሉን አሳየሁት። «የት ተለማመድክበት?» አለኝ። እናቴን ከቆላ ሳመጣበት አልኩት። እኔ እንጃ፣ ሌላም ነገር ልለው ነበር፤ አንድ ሳምንት ብቻ ተዉልኝ ልለው ነበር። እሱ ምን ሥልጣን አለው? «እግዜር ይማራት» አለኝና አስነስቶ ወጣ። ሚደቅሳ ግን ከነመኪናው ነው የሄደው። ወሬውን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ ያልቆፈርኩት ጉድጓድ የለም። ሰንጋ ተራ አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው አለ ብለውኝ ሄድኩ፤ የቤንዚን ኩፖን አምጣ አለኝ። ኩፖኑን ከየት አመጣለሁ? አውቶቡሱ እስከ ለሚ ያደርሳል፤ ሐኪሙ ግን መንገድ ላይ ነፍሷ ትወጣብሃለች አለኝ። አሁን ደግሞ ክረምቱ ገብቷል። ያን ቁልቁለት ከነጭቃው ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አወርደዋለሁ፤ ማርሹን የት ላይ እንደምቀይር እጄ ያውቃል። እጅ ብቻውን ምን ይሠራል?

እምዬ በየቀኑ ከሥራ ስገባ «መኪናህ መጣ?» ትለኛለች። እኔም «በሚመጣው ሳምንት» እላታለሁ። ባለፈው እሑድ ግን አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ መኪናው እንደማይመጣ ካወቅሁ ቆየሁ አለችኝ። ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ አልኳት። «ዝም ብልህ ተስፋ ቆርጣለች ብለህ አንተ ትሰበራለህ ብዬ ነው። ከመሐላህ አቦ ይፍታህ፤ እኔ ፈትቼሃለሁ» አለች። እኔ ቤት በሌለሁበት ጊዜ ለካ ወይንሀረግን የልደታን ቄስ አስጠርታ ተናዝዛለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተየትኛው በኩል እንግዳ እንደሚቀበርም ጠይቃለች። እታለም፣ እናታችን በገዛ ልጇ ቤት ተኝታ ራሷን እንግዳ አለች። እሷ ፈታችኝ፤ እኔ ግን አልተፈታሁም።

አንቺን ነይ አልልሽም። የመኪናው መንገድ ለምን እንደተዘጋ ታውቂያለሽ፤ የአውሮፕላኑም ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ። ሰው ካገኘሽ ግን ሁለት መስመር ጻፊላት፣ አነብላታለሁ። እስኪደርስ ድረስ ትቆይሻለች ብዬ አልዋሽሽም። ካልደረሰም ጻፊ፤ ለእኔ ይሆነኛል። ከአባታችን ጎን አለች ብለሽ እንዳታስቢ፣ ልቅሶሽን ወደ ልደታ አዙሪው።

ወይንሀረግ እጅግ ናፍቃሻለች፤ ልጆቹ አክስታችንን ሳሙልን ይላሉ። ዙሃራ ባታውቅሽም ሰላም ብላሻለች። ጋሼ አስገዶምን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ልጅሽን ሓይሎምን በርታ፣ ከቤት አትራቅ በይው። እምዬ ስጽፍ አይታ ለማን እንደሆነ አወቀችብኝ፤ አልተቆጣችም። ሁላችሁንም በየስማችሁ እየጠራች ሰላም በልልኝ ስትል ቆየችና፣ ታናሿ ልጅሽ ላይ ስትደርስ ስሟ ጠፋባት። ላስታውሳት ብል እጇን አንስታ ከለከለችኝና «ያቺን ያላየኋትን፣ አያትሽ ስማሻለች በልልኝ» አለች።

ወንድምሽ ፍሰሐ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.