የእናቴ ሆድና የእትዬ ዘነበች ገንፎ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018

ለመጻፍም አፍራለሁ፤ እኔም እማዬ ያረገዘች መስሎኝ ነበር። አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሆዷ መግፋት ሲጀምር ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ቆመው «የአራሷ ገንፎ፣ ገብሱ ተፈተገ ወይ?» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ደግሞ ገበያ ስንሄድ ከእማዬ ራቅ ብዬ እራመድ ነበር።

ለካ ያ ሆድ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ያደገ እጢ ነው። በቀዶ ጥገና ሲወጣ ፀጉርና ጥርስ ነበረው። እንዲህ ያለው እጢ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም አሉን፤ የእማዬ ግን ሲመረመር አንዱ ጥጉ ወደ ካንሰር ተለውጦ ተገኘ። ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከዚያ ውጤቱን ስንጠብቅ ከረምን።

ዛሬ ዶክተሯ ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ ፈገግ አለች።

«ማዘር፣ ካንሰሩ ከእጢው አልወጣም ነበር። የትም አልተሰራጨም። ለክትትል ብቻ ይመጣሉ።»

«ጥርስ አብቅሎም ሳይነክሰኝ ቀረ በይኛ!» አለች እማዬ። ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ ነበር የምስቀው።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እጇን ይዤ ከጎኗ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ደጅ ላይ ነበሩ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

ነገ ገንፎውን ራሴ አገነፋለሁ። ቅቤውን መሐሉ ላይ አድርጌ በራቸውን አንኳኳለሁ። «እትዬ፣ ገብሱ ተፈትጓል፣ ገንፎውም ደርሷል። እማዬ ከካንሰር ተርፋለችና መጥተው እልል ይበሉላት» እላቸዋለሁ።