የእትዬ ራድካ የኮክ ዛፍ

ስንድዬ፣

ፕሎቭዲቭ አብባልሻለች። እዚህ ብርዱ ሊወጣ ሲል ሰው ሁሉ ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ ያስርና፣ ያበበ ዛፍ ሲያገኝ ፈትቶ ቅርንጫፉ ላይ ያስረዋል። ዛሬ ከአከራዬ ከእትዬ ራድካ ጋር በአሮጌው ከተማ ስንንሸራሸር፣ ሟች ባለቤታቸው የተከሉት ኮክ ሥር መጋዝ የያዘ ሰው ቆሞ አገኘን።

«ደርቋል እማማ፣ ቁረጥ ተብያለሁ» አላቸው።

«የደረቅክስ አንተ!» አሉና ቅርንጫፎቹን በከዘራ እየገለጡ ዞሩት። ከዛፉ ጀርባ ባለው ግንብ በኩል ጥፍር የምታህል አንዲት አበባ ፈክታለች። ክራቸውን ፈትተው እዚያው አሰሩ። «በል፣ አሁን ቁረጥ!»

እኛ ሰፈር ቢሆን ሽማግሌ ተልኮ ሳምንት ይፈጅ ነበር፤ እሳቸው በአንድ ክር ጨረሱት። ሰውዬው መጋዙን አስቀምጦ የገዛ ክሩን መፍታት ጀመረ። በአንድ እጁ አልሆን ሲለው እትዬ ራድካ ፈቱለት።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ ለጋሽ ደምሴም ሰላም በይልኝ። የኔን ክር አላሰርኩትም። ደርቋል ያልሽኝን የጓሮሽን የዘይቱን ዛፍ ሳልመጣ እንዳታስነኪ!

መንበረ