የአባባ መሰንጠቂያ አይሸጥም

ለምወድህ፣ አሁን ግን እጅግ ለተናደድኩብህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ የምግብ ፍላጎትህ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እንደ አሮጌ ሞተር ታንኳኳለህ? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ትንሿ እህታችን ፈተናዋን ጨረሰች? አባባስ ለዚያ ሳሉ ሐኪም ዘንድ ሄደ ወይስ አሁንም "የሰጋቱራ ነው፣ ይለቃል" እያለ ነው? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ንዴቴ ግን ብሶበታል፤ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማውቅህ ነው። የማትወደው ነገር ሲመጣ "ኔትወርክ የለም" ብለህ ትዘጋለህ። ወረቀት አይዘጋም፤ ልትቀደው እንኳ ብትፈልግ መጀመሪያ ታነበዋለህ።

የጻፍክልኝን ልድገምልህ፣ ራስህን እንድትሰማው። የአብራሪነት ፈቃድህን ከያዝክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል፣ ሥራ የለም። ጋዜጣ ላይ የወጣው ማስታወቂያ "ታይፕ ሬቲንግ ያለው" ይላል፤ በዚያ በአንዱ ዓይነት ጄት ላይ ብቻ የሚያሠራውን ልዩ ፈቃድ ሳይቀጠር በፊት በራሱ ገንዘብ ያወጣ ማለት ነው። ስለዚህ አባባ የእንጨት ሥራ ቤቱን ከነመሰንጠቂያ ማሽኑ ሊሸጥልህ ተስማምቷል፣ ገዢም ተገኝቷል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። የምሠራበት ማሠልጠኛ ለሠራተኛ ቤተሰብ ዋጋውን በግማሽ ይቀንሳል፤ ያለዚያ ቅናሽ ሥራ ቤቱ ቢሸጥም አይበቃም። ቅጹን ሞልተህ ልከህልኛል፣ ከሥሩም "እህቴ፣ አንቺ ስትፈርሚ ሕይወቴ ይጀምራል" ብለሃል። ደሜ የፈላው እዚህች ላይ ነው። እስከ ዛሬ የኖርከው የማንን ሕይወት ነበር?

የእኔን ሥራ ታውቃለህ፤ አብራሪዎች መሬት ላይ የሚፈተኑበትን ሲሙሌተር እጠግናለሁ። ጭንቅላት እንጂ ሆድ የሌለው አውሮፕላን ነው፣ በስድስት የብረት እግሮች ላይ ቆሞ የትም ሳይሄድ ሲንቀጠቀጥ የሚውል። ጠዋት አስነሳዋለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫዎቹን በአልኮል እወለውላለሁ፣ ተፈታኝ ሲገባ አንድ ነገር ቢበላሽ ብዬ ካቻቢቴዬን ይዤ ከኋላ እቀመጣለሁ። ስንቱን ሰው ከጀርባው አውቀዋለሁ መሰለህ። የማንን አንገት መቼ እንደሚያልበው ሁሉ አውቃለሁ።

አንዱን ልንገርህ። እኛ ቴክኒሻኖቹ "ዓመታዊ" እንለዋለን። እሱም ሥራ ሳያገኝ በፊት ከፍሎ ሬቲንጉን ያወጣ ነው። ፈቃዱ ደግሞ አንዴ ወጥቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ በየዓመቱ እየከፈሉ ማሽኑ ላይ ተፈትነው ካላደሱት ይሞታል። ዓመታዊ ሲያድስ ዘንድሮ አራተኛው ነው። መንገደኛ ጭኖ ግን አንድ ቀን እንኳ በርሮ አያውቅም። የቀዘቀዘ ዓሣ በመኪና ያከፋፍላል። ለፈተና ሲመጣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አብርቶ ነው፤ ሽታውን ለማጥፋት ሽቶ ያበዛል፣ እኔም ማሽኑን ከፍቼ አናፍሳለሁ።

ባለፈው ወር ፈተናውን አለፈ። አስተማሪው ከወረደ በኋላ ከከፈለበት ሰዓት አሥር ደቂቃ ተርፎት ነበር። አንዴ ማሳረፍ ከፈለግክ ማኮብኮቢያውን መስኮቱ ላይ ላምጣልህ አልኩት። አይ፣ አውሮፕላኑ መንገደኛ መጫኛው በር ላይ እንደቆመ ይቆይ አለኝ። ቀበቶውን አጠበቀ፣ የመንገደኞቹን ማይክራፎን አነሳና እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ጀመረ። የበረራውን ርዝመት ነገራቸው፣ የመድረሻውን አየር ነገራቸው፣ ስለ ትዕግሥታቸውም አመሰገናቸው። ከኋላው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እየቀለደ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን በመስታወቱ ሳየው አልቀለደም። አመስግኖኝ ወረደ። እኔ ማሽኑን አጥፍቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከሳምንት በኋላ ያንተ ቅጽ መጣልኝ!

ማስታወቂያውን ራሴ ፈልጌ አነበብኩት። አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ሁለተኛው መስመር "በዚሁ አውሮፕላን ቢያንስ አምስት መቶ ሰዓት የበረረ" ይላል። ይህችን ለእኔ አልጻፍክልኝም። ለአባባ ስታነብለት ዘልለሃታል ወይስ እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ? መልሱን ለእኔ አትላክልኝ፣ ለራስህ መልስ። ያለ ሥራ ሰዓቱ ከየት ይመጣል? እሱንም የሚሸጡ አሉ፤ መንገደኛ ከኋላህ ተጭኖ፣ አንተ ረዳት አብራሪ ሆነህ እየሠራህ፣ ደመወዝ መቀበል ቀርቶ ራስህ ትከፍላለህ። ያኔ የምንሸጠው ቤቱን መሆኑ ነው። እማዬን የት እናስቀምጣታለን?

የአንድ አየር መንገድ የአብራሪዎች አለቃ ለራሱ ፈተና ሲመጣ ደፍሬ ጠየቅኩት። ሬቲንግ ብቻ ይዞ ሰዓት የሌለውን ሰው ማመልከቻ እንደማያዩት ሳያፍር ነገረኝ። ታዲያ በራሱ ከፍሎ ይምጣ እያላችሁ ስለምን ትጽፋላችሁ ብዬ ስጠይቀው፣ የሚከፍል እስካለ ድረስ እኛ ለምን እናሠለጥናለን አለኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው። ሞኞቹ እኛ ነን፣ ሞፈሩ የአባባ ነው።

እስቲ አባባን እየው። ሙጫው የምንለውን ሠራተኛውን ሲቀጥረው ያ ልጅ መጋዝ ከየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም ነበር። ስንት ሳንቃ አበላሸ! ሦስት በር ዘቅዝቆ ገጥሞ አባባ ለደንበኞቹ በነፃ ቀይሯል። አንድ ቀን እንኳ መጀመሪያ የራስህን እንጨት ገዝተህ አበላሽና ስትጨርስ ና ብሎት ያውቃል? ሠራተኛ የፈለገ ሰው እንጨት ይበላሽበታል፣ ይኼ የሥራ ሕግ ነው። ሙጫው እስከ ዛሬ አባባ ላይ የተጣበቀውም ለዚህ ነው። አንድ ማሽን ያለው አናጺ የሚያደርገውን አርባ አውሮፕላን ያለው ድርጅት አቃተው ብትለኝ አላምንህም። አላቃተውም፤ ንቆን ነው።

ልዋሽህ ደግሞ አልፈልግም። ከፍለው የተቀጠሩ ሁለት አውቃለሁ። አንደኛው አጎቱ እዚያው ድርጅት ትልቅ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ግን ሳትከፍል በፊት "ፈተናውን ስታልፊ እንቀጥርሻለን" የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በእጇ ነበር። አንተም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘህ ና፤ በዚያው ቀን እፈርማለሁ፣ ከራሴም እጨምራለሁ። በራሳቸው ወጪ አሠልጥነው አምስት ዓመት ትሠራልናለህ ብለው የሚያስፈርሙም አሉ፤ እሱ ፍትሕ ነው፣ ፈርም። እነሱ የሚፈልጉት በትንሿም አውሮፕላን ቢሆን የበረራ ሰዓት ያለውን ነው። የተማርክበት የበረራ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሁን ብሎ ለምኖሃል፤ ሰዓቱን በነፃ፣ ያውም ከደመወዝ ጋር ሊሰጥህ። አንተ ከጀማሪ ጋር አየር ላይ ክብ አልዞርም አልክ። ክብሩ ገደለህ! ሰፈሩ "ካፒቴን" እያለ ስለሚጠራህ እኮ ነው። ካፒቴን ሆይ፣ አባትህ በስልሳ አምስት ዓመቱ የሰው ሥራ ቤት ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ነበር።

በአንተ ብቻ አይደለም የተናደድኩት። ይህን ሁሉ ለአለቃዬ ብነግረው ደንበኛ ታባርሪብናለሽ፣ ደመወዝሽ ከየት የሚመጣ መሰለሽ አለኝ። አፌን የዘጋኝ ትክክል ስለሆነ ነው። ለአንተ ጫማ የምልከው፣ የእማዬን መድኃኒት የምገዛው ከእነ ዓመታዊ ኪስ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ወንድሞች ማሽን አስነስቼ፣ መልካም ዕድል ብዬ ቀበቶ አስሬያለሁ። አንዳቸውን እንኳ ቆይ፣ ሁለተኛውን መስመር አንብበሃል ወይ ብዬ አላውቅም። ለራሴ ወንድም ሲሆን ነው እጄ እምቢ ያለው፣ በዚህም አፍራለሁ።

እንግዲህ ስማ። የቤተሰብ ቅናሽ በዓመት አንዴ ነው፣ ምዝገባውም ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ተዘጋ። ቅጽህ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ እስክሪብቶም ነበረኝ። ረስቼ አይደለም፣ ታምሜም አይደለም። ሰዓቱን እያየሁ ተቀምጬ አሳለፍኩት። ቦታህ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ጥላኝ፣ አኩርፈኝ፣ ከፈለግክ ዓመት ሙሉ አትጻፍልኝ፤ በአባባ ላይ ግን ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳምልኝ፣ መድኃኒቱን ሳትቆራርጥ ትውሰድ። ትንሿን አንገቷን እቀፍልኝ፤ የጠየቀችኝን የሒሳብ ማሽን በሰው ልኬላታለሁ፣ እንዳትወስድባት። ሙጫውን እህትህ ሰላም ብላሃለች በለው፣ በሩን ወደ ላይ ይግጠም። አንተንም፣ እየተናደድኩም ቢሆን፣ ግንባርህን ስሜሃለሁ።

ለአባባ ሰላምታ አታድርስልኝ፤ ትናንት ከሥራ እንደወጣሁ ደውዬለታለሁ። ገዢውን ለምን እንደመለሰው ግራ ገብቶህ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እኔው እስክጽፍልህ እንዳይነግርህ ለምኜዋለሁ። አልፈረምኩም አልኩት። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጄን እምቢ የሚለው ሰው ጠፍቶ ነበር አለኝ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ቦታ አስቀመጠውና መሰንጠቂያውን አስነሳ። እሱ የእኔን ድምፅ ባይሰማም አልዘጋሁም፤ እንጨቱን ቆርጦ እስኪጨርስ መንገድ ዳር ቆሜ አዳመጥኩት።

ታላቅ እህትህ

ከማሽኑ ጀርባ ካለችው የቴክኒሻኖች ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
የካቲት ፲፩ ቀን