ክሊም የሌላት መኪና

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017፣ ጅቡቲ

ቀዩዋ ሀችባክ ዛሬም አልተሸጠችም። ባለቤቴ ዘይቱና ስምንተኛ ወሯ ነው፤ "ሁለተኛ እዚያ እቶን ውስጥ አልገባም" ብላኛለች። እውነቷን ነው። በዕድሜ እኩያዬ የሆነችውን መኪና ላፈጥን ብዬ ሞተሯን ስቀይር፣ ክብደት እንዲቀልላት ማቀዝቀዣዋን፣ እዚህ "ክሊም" የሚሉትን፣ የነቀልኩት እኔው ነኝ። በጅቡቲ ሙቀት! እስካሁን የመጣ ገዢ ሁሉ ገና በሯን ሲከፍት "ክሊሙስ?" ይላል። የለም ስለው ውልቅ ይላል።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ከካርቲየ 4 ሰፈር የመጣ ጎልማሳ፣ ከከተማው ወጣ እስካለው ፔካ 12 ድረስ ነድቷት ተመለሰ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ ያበራል።

"ወንድሜ፣ እቺን እንዴት ጨክነህ ትሸጣለህ?" አለኝ።

ስለ ክሊም ትንፍሽ አላለም፤ በዋጋውም አልተከራከረኝም። ቁልፉን ያዘው ልለው ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "አፉ በለኝ፣ መሸጡን ትቼዋለሁ" ሆነ።

ቤት ስገባ ዘይቱና "እሺ፣ ምን አለ?" አለችኝ።

"ክሊም የላትም ብሎ ሄደ።"

ትንሽ አሰበችና "የነቀልከው አልጋ ሥር ተቀምጦ የለም እንዴ? መልሰህ አስገጥምላትና ሽጣታ!" አለች።

የሚቀጥለው ገዢ ሲመጣስ ምን ብዬ ልዋሻት ነው?