በወባ ታሞ የማያውቅ የቆቦ ተማሪ ስለ መፈለግ

ለክቡር የቆላ በሽታ መከላከያ ሥልጠና ተማሪዎች መራጭ ጉባኤ ሊቀ መንበር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጉባኤዎ አባላት ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። የጉባኤዎ ሥራ ጤናማ ሰው መምረጥ እንደ መሆኑ መጠን፣ መራጮቹ ጤና ያጡ እንደ ሆነ ማን ይመርጥልናል ብዬ ከልብ ስለምሰጋ ነው። እኛም በቆቦ፣ በዋጃና በጎብዬ የምንኖር የራያ ቆላ ሰዎች፣ ወሩ ጥቅምት በመሆኑ እኩሌቶቻችን ታመን፣ እኩሌቶቻችን አስታማሚ ሆነን፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

እኔ በቆቦ የሳይንስ መምህር ነኝ። ክቡርነትዎ ለተማሪዎቼ ስለ ዋሉላቸው ውለታ በግል ደብዳቤ ደጋግሜ ባመሰግን መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት ምስጋና በጓዳ መቀበል አይወዱ ይሆናል ብዬ በመገመት፣ ከዚህ በታች በአደባባይና በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ/ ዓምና በግንቦት የጉባኤዎ ማስታወቂያ በአውቶቡስ ደረሰን። ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱና በሳይንስ የበረቱ ወጣቶች በመንግሥት ወጪ በማይክሮስኮፕ ደም መመርመርን እንዲማሩ፣ ተመርቀውም በቆላ አገር እየተመደቡ ወባን እንዲያጠፉ የሚጠራ ማስታወቂያ ነበር። በዚህ ከተማ ስምንተኛ ክፍልን ለሚጨርስ የሳይንስ ተማሪ እስከዚያን ቀን ድረስ ክፍት ሆነው የቆዩት ሥልጠናዎች፣ ከማሽላ ማሳ ወፍ መጠበቅና በአውራ ጎዳናው ከሚያልፉ የጭነት መኪናዎች ዕቃ ማውረድ ናቸው። ሁለቱም ነፃ ዕድል ናቸው፤ የመግቢያ ፈተና የላቸውም፤ የሚመረቅባቸውም የለም። ስለዚህ ማስታወቂያውን በክፍል ውስጥ ሳነበው ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ እንደ ነበር ተማሪዎቼ ነግረውኛል። ስለዚያች አንዲት ጧት ደስታ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ/ ከማስታወቂያው ጋር የመጣው ቅጽ ሰባተኛው ጥያቄ «አመልካቹ በወባ ታሞ ያውቃልን?» የሚል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኛ ዘንድ ይህ «ዝናብ መትቶህ ያውቃልን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነውና። ከኋላ ወንበር አንዱ «ጋሼ፣ ይቺማ ለቆቦ ልጅ የተተወች ማርክ ናት!» ሲል ሰማሁት፤ እኔም፣ ምን ይደረግ፣ አብሬ ሳቅሁ።

ከአመልካቾቹ መካከል ሙሀመድሰይድ አሊ የተባለ ተማሪ አለኝ። የምነግረውን ሁሉ «ታዲያ በምን ታወቀ?» ብሎ ሳይጠይቅ የማይቀበል፣ ስለዚህም የሚያደክመኝና የምኮራበት ልጅ ነው። ለሰባተኛው ጥያቄ የጻፈው መልስ ይህ ነበር፤ «አዎ። በየዓመቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ እታመማለሁ። ቤታችን ለጎሊና ወንዝ ቅርብ ስለ ሆነ፣ ወንዙ ሲጎድል ውኃ በሚያቁሩት ጉድጓዶች ትንኝ ይራባል። ጉድጓዶቹን በአፈር በደፈንንበት ዓመት ግን ከቤተ ሰባችን የታመመችው ታናሽ እኅቴ ብቻ ናት።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ማርክ በመስጠት ለጋስ አይደለሁም፤ ይህንን ግን ከነነጥቡ ሳልነካ ላክሁት። የጉባኤዎም መልስ በሐምሌ ሲደርስ እንዲህ ይል ነበር፤ «አመልካቹ በቆላ በሽታ የተጠቃ መሆኑን ስላመነ ለቆላ በሽታ መከላከያ ሥልጠና ብቁ ሆኖ አልተገኘም።» «ስላመነ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኋት። ያየውን የጻፈውን ልጅ፣ ሠርቆ እንደ ተያዘ ሰው አድርጋ እጅግ አሳምራ ትገልጸዋለች።

፫ኛ/ የልጁ አባት አቶ አሊ ገበሬ ናቸው። መልሱን በሰሙ ማግስት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ በትራቸውን ከደጃፉ አስደግፈው፣ «አስተማሪ፣ እኔ ፊደል አላውቅም፤ አንቱ የተማሩ ነዎትና ያስረዱኝ። ንዳድ ያልያዘውን ሰው ንዳድ አገር የሚልኩት እንዲይዘው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ንዳድ የሚሉት ወባን ነው። ጉባኤዎ ዓምና የመረጣቸው ሁሉ ወባ ከማይደርስበት ደጋ የመጡ እንደ ሆኑ አቶ አሊ ከሹፌሮች ሰምተው ነበር። እኔም ውጭ አገር ድረስ ሄጄ የተማርሁትን ሁሉ አገላብጬ መልስ ስላጣሁለት፣ ጥያቄውን እንዳለ ወደ ክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ። አቶ አሊም «እንግዲህ አላህ ያውቃል» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ያስረዳቸው የለም።

፬ኛ/ ውጭ አገር የተማርሁት በነፃ ትምህርት ዕድል መሆኑን ልሸሽግዎ አልፈልግም። ያን ጊዜ ከዋጃ የመጣሁ መሆኔን እያወቀ፣ ወባ አሳብጦት እንደ ሆነ ብሎ ጣፊያዬን የዳበሰ፣ ታመህ ታውቃለህን ያለኝም አልነበረም። ክቡርነትዎን የመሰለ ጠንቃቃ መራጭ ባለመኖሩ አገራችን በእኔ ላይ ያጠፋችው ወጪ ይቆጨኛል።

፭ኛ/ ይሁን እንጂ ጉባኤዎ የቆቦን ተማሪዎች ጨርሶ አልረሳም። በመስከረም ወር ሠልጣኞቹ ማይክሮስኮፖቻቸውን ይዘው በመኪና መጡና በክፍሌ ሰፈሩ። የያዙትም ደብዳቤ፣ ለመለማመጃ የሚሆን ደም በብዛት የሚገኘው በእኛ አካባቢ ስለ ሆነ ተማሪዎቻችን እንዲተባበሩ የሚያዝዝ ነበር። ተማሪዎቼ ተሰልፈው ጣታቸውን ተወጉ። የወባ ክኒን የሚሰጠው ጣቱን ለሰጠ ብቻ ነው ስለ ተባለ፣ ትብብራቸው እጅግ የጋለ ነበር።

የሙሀመድሰይድ ተራ ደርሶ ደሙ በመስተዋት ቁራጭ ተቀብቶ ሲታይ፣ ሠልጣኙ «ኑ፣ ኑ! ይህን እዩልኝ፣ ሞልቶታል!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ፤ ሁሉም በየተራ እያጎነበሱ አዩ፤ ደስታቸውም ልክ አልነበረውም። ልጁም በትሕትና «ጋሽዬ፣ አንዴ እኔም ልየው፤ የኔ ደም አይደል?» አለ። ሠልጣኙ፣ ሳይዋሽ መናገር ይገባል፣ ሊያሳየው ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። የቡድኑ አለቃ ግን ሠልጣኙን በዓይኑ መልሶ አስቀመጠውና ልጁን «ዕቃ ትሰብራለህ፤ ዞር በል» አለው። እርሱም የተወጋች ጣቱን በአፉ ይዞ ዞር አለ። እኔ በራሴ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገርሁም፤ ክኒኑ ገና አልታደለም ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ የተረዳሁት፣ ጉባኤዎ የማይክሮስኮፕን ሥልጠና ለሁለት ከፍሎ፣ ከላይ ሆኖ የሚያየውን ከደጋ፣ ከታች ሆኖ የሚታየውን ከራያ እንደሚመርጥ ነው። ሁለተኛውን ክፍል በተመለከተ ከተማሪዎቼ አንድ እንኳ ያልተመረጠ የለም። ስለዚህም ምስጋናዬ ከሁሉ ይልቅ የጠለቀ ነው።

፮ኛ/ የዘንድሮው ማስታወቂያ ባለፈው ሳምንት ደርሶናል። ሰባተኛው ጥያቄ በቦታው አለ። አዲስ ነገር የተጨመረው ሁለት ነው፤ አንደኛው አመልካቹ ከሃያ ዓመት እንዳይበልጥ፣ ሁለተኛው የሳይንስ መምህሩ የመልሶቹን እውነተኛነት በፊርማው እንዲያረጋግጥ የሚሉ ናቸው። ሙሀመድሰይድ ትምህርት የጀመረው ከብት የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም ከተገኘ በኋላ በመሆኑ፣ ዘንድሮ ሃያ ዓመቱ ነው። የሚመጣው ዓመት ለእርሱ የለም። ለፊርማዬ ስለ ተሰጠው ክብር ግን አመሰግናለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያስፈልገው ደመወዝ ለመቀበል ብቻ ነበር።

አሁን ክቡርነትዎን የምለምነው ብዙ አይደለም። ሰባተኛው ጥያቄ ይሰረዝ እንዳልል፣ ጥያቄ የሚያወጡትን ሊቃውንት መዳፈር ይሆንብኛል። የልጁ የዓምና መልስ እንደገና ይታይ እንዳልል፣ በመዝገብ ቤትዎ ያለ ወረቀት ሁለት ጊዜ አይነበብም ይባላል። ሌላ ዕድል ይፈለግለት እንዳልል፣ እኔ ራሴ ደሴ ድረስ ሄጄ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠንቼ፣ «ቆቦ? ለቆቦ ልጆች የተያዘ የቆላ በሽታ ሥልጠና አለላችሁ አይደል?» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ የምለምነው ምን እንደ ሆነ፣ እዚህ ስደርስ፣ እኔም አላወቅሁትም።

ጣቶቹን ለአገር ሥልጠና ያበረከተ ክፍል መምህር፣ የክቡርነትዎ ጥንቃቄ አድናቂ፣ የማይነበብ ደብዳቤ መጻፍ የማይሰለቸው ታዛዥዎ፤

ይርጋ ወልደ ሚካኤል
ቆቦ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የሙሀመድሰይድ ቅጽ በጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ተሞልቶ ሰባተኛው ባዶ ቀርቷል። «አዎ» ቢል የሚመጣለት የዓምናው መልስ ነው፤ «የለም» ቢል ውሸቱን የማረጋግጥለት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ምን ልበል?» ብሎ ጠይቆኝ እስካሁን አልመለስሁለትም። ያየውን መጻፍ እኔ አስተምሬዋለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ትምህርት የጉባኤዎ ስለ ሆነ፣ የሚጻፈውን ቃል በቴሌግራም ቢልኩልን እንደ ትእዛዝዎ እንፈጽማለን። ምናልባት ቃሉ «ታሜ አላውቅም» የሚል እንደ ሆነ ግን ጥቂት ቀን ይታገሡን፤ ልጁ ከሐሙስ ጀምሮ ንዳዱ ተነሥቶበት ተኝቷል፤ እጁ ብርዕ መያዝ አልቻለም።