ቀሚስሽ ለምን እንደዘገየ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። እስከ ዛሬ በስልክ «ደህና ነኝ» ስልሽ የቆየሁት ለወጉ ነበር፤ የአሁኑ ግን ከልቤ ነው። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሣሁ። ሹራብ ሳልደርብ ወደ ስፌት ክፍሌ ገባሁና ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አንዴ ሞክሬ አሾለክሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርግሽ የደረሰ ሰሞን የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። በጠራራ ፀሐይ እንቀጠቀጣለሁ፤ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፤ ፊቴ አብጧል። እርጅና ነው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ሃያ ዓመት አብራኝ የልብስ ጠርዝ ስትዘመዝም የኖረችው ዘምዛሚዋ «ቀንድ አውጣ» የሚል ስም አወጣችልኝ፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቀሚስሽ አንድ እጅጌ እንደጎደለው ሠርጉ ደረሰ፤ አንቺም በኪራይ ቀሚስ ተዳርሽ። ልትሄጂ ስትይ በሩ ላይ ቆመሽ «ባሌን ስላልወደድሽው ነው አይደል፣ እማዬ?» አልሽኝ። መልስ መስጠት ራሱ ደከመኝና ዝም አልኩ። አንቺም ዝምታዬን እንደ አዎ ይዘሽው ሄድሽ።

ሐኪም ያየኝ አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ነው። ደሜ ሲመረመር፣ አንገቴ ላይ ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ሥራዋን አቀዝቅዛ ኖሯል። እሷ ያጓደለችውን የምትተካ ትንሽ ክኒን ታዘዘችልኝ። ዋጥኳት፤ ለውጥ የለም። ሐኪሟ መጠኑን ጨመረችልኝ፤ ያው ነኝ። ደግማ ጨመረች። እኔማ የኔ ነገር አበቃ ብዬ ነበር።

ነገሩን ያገኘችው መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ ናት። እንዴት እንደምወስደው ጠየቀችኝ። እኔም በኩራት ነገርኳት፦ ዘምዛሚዋ ለደም ማነስ ከታዘዘላት የብረት ክኒን ታካፍለኛለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ በወተት ሻይ አወርዳቸዋለሁ። ልጅቱ ራሷን ያዘች። ለካ ወተቱም ብረቱም መድኃኒቱ ሰውነቴ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክሉት ኖሯል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይውሰዱ አለችኝ። ብረቱንም የምታዝልኝ ሐኪሟ እንጂ ዘምዛሚዋ አይደለችም። አየሽ፣ የሰውን ወገብ ሳላዛንፍ የምለካ ሴት የራሴን መድኃኒት በግምት ስውጥ ከረምኩ።

በደንቡ መውሰድ ስጀምር ደግሞ የተጨመረው በዛብኝ፤ ልቤ እንደ ስፌት መኪና ይሮጥ ጀመር። ፈርቼ ላቆመው ስል ሐኪሟ ተቆጣችኝ። «ማቆም የለም። እንቀንስና ከስድስት ሳምንት በኋላ ደምዎን እናያለን» አለች። ይሄንንስ አውቀዋለሁ፤ ለክቶ ማጥበብ፣ ከዚያ እንደገና ማስለካት ነው። ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ ባለፈው ሳምንት «አሁን ልክ ነው» አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ዕድሜ ልኬን እወስደዋለሁ፣ ይሁን። ዘምዛሚዋ አሁን «ቀንድ አውጣዋ ቀደመችኝ» እያለች ታማርራለች።

የቀሚስሽን እጅጌ ትናንት ጨረስኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁሉንም በዕጢዬ አላሳብብም። መጀመሪያ ላይ ባልሽን አልወደድኩትም ነበር። ልጄን ሊወስድብኝ የመጣን ሰው ምን ብዬ ልውደደው? እጄን ያሰረው ግን እሱ አልነበረም። ይህን ያኔ በሩ ላይ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ቀሚሱ የተቆረጠው በድሮው ወገብሽ ነውና አዲሱን ልኬትሽን ላኪልኝ። የእሱንም የትከሻውን ስፋትና የክንዱን ርዝመት ለክተሽ ላኪ። ከቤተሰባችን ልኩን የማላውቀው እሱን ብቻ ነው። የልኬት ደብተሬ ላይ ከአንቺ ገጽ ቀጥሎ ያለውን ለእሱ ትቼለታለሁ።

ቤታችሁ ይሙቅ፣ ክፉ አይንካችሁ፣ የለፋችሁበት ይባረክላችሁ።

የሁለታችሁ እናት